ቁጥሩን ከመቀበላችን በፊት ጥያቄው ምን ነበር?



ነገሩ የተጀመረው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ኅዳር 17 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2015) ጁምዓ ሰግደን ከወጣን በኋላ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳንርቅ ዘወትር ከምናርፍባት ቤት ተሰባስበን ነበር። ፓሪስ ላይ 130 ሰዎች ከተገደሉ ገና ሁለት ሳምንት ነው። ከመካከላችን እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው አንድ ወንድም ስልኩን አውጥቶ የተላከለትን የጋዜጣ ፊት ገጽ ፎቶ አሳየን። «ዘ ሰን» የተባለው የለንደን ጋዜጣ በዚያው ሳምንት ሰኞ ያወጣው ነው። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈው ርዕስ ከአምስት የእንግሊዝ ሙስሊሞች አንዱ ለጂሃዲስቶች ያዝናል የሚል ነበር።

ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ውሸት ነው፣ ጠላት የፈጠረው ወሬ ነው» አለና ነገሩን በዚያው ዘጋ። ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ አረጋዊ ሐጂ ግን ፎቶውን አትኩረው ከተመለከቱ በኋላ አንገታቸውን ደፉ። «ከአምስት አንድ ከሆነማ ምን ቀረን?» አሉ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ለሕፃናት ቁርኣን ስለማቀራ የሠፈሩ ሰው «ኡስታዝ» ይለኛል። ቁጥር ሲነሳ ሁሉም ወደኔ ይዞራል። እናም ሐጂን ለማጽናናት ብዬ አንድ ቦታ ያነበብኩትን መዘዝኩ። «ጋሉፕ የሚባለው ድርጅት መላውን የሙስሊም ዓለም አጥንቶ ግፍን የሚደግፈው 7 በመቶ ብቻ ነው ብሏል» አልኩ። ጠረጴዛው ተነፈሰ። ሻይ ተደገመ። ከዳር የተቀመጠ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ በትሕትና ጠየቀኝ፦

«ኡስታዝ፣ የ7 በመቶው ጥያቄ ምን የሚል ነበር?»

አላውቀውም ነበር። አላውቀውም ማለት ሲገባኝ «ቁጥሩ የታወቀ ነው» ብዬ አለፍኩት። ልጁም ለአክብሮት ሲል ዝም አለ። ያ ዝምታ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ለካስ የጠላት ጋዜጣ ሲጽፍ የማልቀበለውን አሠራር፣ ለኛ ሲያደላ ግን ሳልመረምር ተቀብዬው ኖሯል!

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብኩትና የተማርኩት ነው። ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም። ስለኛ የሚባለው ቁጥር በየአገሩ የመስጊድ ፈቃድ፣ የኤርፖርት ፍተሻ፣ የስደተኛ ማመልከቻ ላይ ይወስናልና።

የቁጥር ኢስናድ

የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን አንድ ንግግር ወደ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠጋ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ሰማኸው?» ብለው ነው። ኢስናዱ የተበጠሰ ከሆነ መትኑ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም። ማንነቱ የማይታወቅ አስተላላፊም ሐዲሱን ደካማ ያደርገዋል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) ወሬ ይዞ የመጣብንን ሰው ዜና ሳናረጋግጥ በሕዝብ ላይ ጉዳት እንዳናደርስ አዞናል። የሕዝብ አስተያየት ጥናትም የራሱ ኢስናድ አለው። ማን ጠየቀ? ማንን ጠየቀ? ሰዎቹን እንዴት አገኛቸው? መቼና የት? ከሁሉም በላይ ደግሞ በምን ቃል ጠየቀ?

የ«ዘ ሰን»ን ቁጥር በዚህ መንገድ ብንመረምረው የሚከተለውን እናገኛለን። ጥናቱን ያካሄደው ሰርቬሽን የተባለ ድርጅት ነው። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን በስልክ ጠይቋል። ሰዎቹ የተመረጡት በአባታቸው ስም ነው፤ ስማቸው የሙስሊም የሚመስለው ተደወለላቸው። ስሙን ቀይሮ የሚኖረው፣ በኋላ የሰለመው እንግሊዛዊ፣ ከነጭ ቤተሰብ ስም ይዛ የሰለመችው እህት ከመጀመሪያውም አልተቆጠሩም።

ወደ ጥያቄው እንምጣ። የተጠየቁት ከእንግሊዝ ወጥተው በሶርያ ካሉ ተዋጊዎች ጋር ለመቀላቀል ስለሚሄዱ ወጣት ሙስሊሞች ምን እንደሚሰማቸው ነው። 5 በመቶው ብዙ፣ 15 በመቶ ያህሉ ጥቂት ያዝንላቸዋል። «ጂሃዲስት» የሚል ቃል በጥያቄው ውስጥ የለም። ዳዒሽም (አይሲስ) አልተጠቀሰም። ያኔ ሶርያ ውስጥ የሚዋጋው ስንት ዓይነት ቡድን እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሳድን የሚወጋው ነበር፤ ዳዒሽን ራሱን የሚወጋም ነበር። ደግሞስ «ማዘን» ምንድን ነው? ልጇ ጠፍቶባት የምታለቅስ እናት ለልጇ አታዝንም? ለሄደበት መንገድ ግን ድጋፏን ሰጠች ማለት ነው? በአማርኛችን «አዘነለት» እና «ደገፈው» የሚሉት ቃላት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ርዕስ ጸሐፊው ግን አንድ አደረጋቸው።

በይበልጥ ያስገረመኝ ሌላው ነው። ይኸው ሰርቬሽን በዚያው ዓመት በማርች ወር ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ያኔ ሐዘኔታ ያሳየው ሙስሊም 28 በመቶ ነበር። ስለዚህ በኖቬምበር ቁጥሩ ቀንሷል ማለት ነው። በማርች ሙስሊም ያልሆኑ እንግሊዛውያንም ተጠይቀው 14 በመቶው እንዲሁ ብለዋል። ከሰባት እንግሊዛዊ ክርስቲያን ወይም ሃይማኖት የለሽ አንዱ ለጂሃዲስት ያዝናል የሚል ርዕስ ግን አላየሁም። እናንተስ?

የአጎበሩ ነገር

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውጋችሁ። በወጣትነቴ፣ አስተማሪነት ከመቀጠሬ በፊት፣ አንድ ድርጅት ለወባ መከላከያ ያከፋፈለው አጎበር ምን ያህል ጥቅም ላይ እንደዋለ ለማወቅ መጠይቅ አስይዞ ከኮምቦልቻ ዙሪያ ወዳሉ መንደሮች ላከኝ። ከቤት ቤት እየዞርኩ «ትናንት ማታ አጎበሩ ውስጥ ተኝታችኋል?» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁልጊዜ!» የማይለኝ የለም። በአንዲት ቤት እንዲህ ያሉኝ እናት ቡና ሲያፈሉልኝ ቀና ብዬ ባይ አጎበሩ ከነላስቲኩ ማገሩ ላይ ተሰቅሏል። አልተፈታም። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መጠይቁ ላይ ግን «አዎ» ብዬ ሞላሁ፤ ያሉኝ እሱን ነውና።

እኚያ እናት ውሸታም አልነበሩም። በእንግዳ ፊት፣ አጎበር በሰጠ ድርጅት ስም ለመጣ ልጅ፣ ማስከፋት ነውር ስለሆነባቸው ነው። እንግዲህ ስለ አጎበር እንዲህ ከሆነ፣ ወታደርና ደኅንነት በሚዞርበት አገር አንድ የማያውቀው ሰው በር አንኳኩቶ «ታጣቂዎችን ትደግፋለህ?» ሲለው ሰውዬው ምን እንደሚመልስ አስቡት። የሚደግፈው ይደብቃል። የማይደግፈውም ታጣቂዎቹ ሠፈሩ ውስጥ ካሉ እነሱን ፈርቶ ይደግፋል።

የ7 በመቶው ጥያቄ

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ ፈልጌ አገኘሁት። መጽሐፉ ፕሮፌሰር ጆን ኤስፖዚቶና ዳሊያ ሙጃሂድ ስለ እስልምና የሚናገረው ማን ነው በሚል መንፈስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ነው። ጋሉፕ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው ወይም ብዙ ሙስሊም ባለባቸው ከ35 በላይ አገሮች በስድስት ዓመት ውስጥ ያደረጋቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቃለ መጠይቆች መሠረት ያደረገ ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ልፋቱንም አልክድም።

ጥያቄው የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በሞራል ረገድ ምን ያህል ትክክል ነበር የሚል ሲሆን መልሱ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ መስፈሪያ ነው። 5 ማለት ሙሉ በሙሉ ትክክል ማለት ነው። 7 በመቶ የተባሉት 5 ያሉትና ለአሜሪካም ጥሩ አመለካከት የሌላቸው ብቻ ናቸው። ታዲያ 4 ያለው ሰው የት ሄደ? በመጽሐፉ ከለዘብተኞቹ ጎራ ተደምሯል! ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ባወጡት ጽሑፍ 4 ያሉትን ከአክራሪዎቹ ጋር ቆጥረዋቸው ነበር። ሮበርት ሳትሎፍ የተባለው ተቺ 4 ያሉት ሌላ 6.5 በመቶ እንደሆኑ ጽፏል። ሳትሎፍ የሚመራው የዋሽንግተን ተቋም ለእስራኤል የሚያደላ ነው፤ በፖለቲካው አልስማማም። ይሁን እንጂ ያነሳው ጥያቄ ልክ ነው። በሱረቱን-ኒሳእ በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ በእውነት እንድንመሰክር ታዘናል። እኔ ሐጂን ያጽናናሁበት ቁጥር እንደዚያ ንጹሕ አልነበረም።

በዚያው ጥናት ግን ቁጥሩ ቢሸራረፍም የማይሸራረፍ ነገር አለ። አክራሪ የተባሉት ከሌሎቹ የበለጠ ሰጋጅ ሆነው አልተገኙም። ትምህርታቸውም ገቢያቸውም ከሌላው በትንሹ የተሻለ ነበር። ለምን ብለው ሲጠየቁ የሚያነሱት ምክንያት በአብዛኛው ፖለቲካ ነው፤ ወረራ፣ የውጭ ጣልቃ ገብነት፣ ንቀት። ጥቃቱን ያወገዙት ናቸው ሃይማኖታቸውን የጠቀሱት። አንድ ነፍስ ያለ ጥፋቷ መግደል የሰውን ልጅ በሙሉ እንደ መግደል ነው የሚለውን የቁርኣን ትምህርት ያነሱት እነሱ ናቸው።

አማን ላይ የሆነው

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌላው ምንጭ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ነው። ከ2002 ጀምሮ በየአገሩ ሙስሊሞችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቅ ቆይቷል። እስልምናን ከጠላቶቹ ለመከላከል ተብሎ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃትና ሌላ የኃይል ድርጊት ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ከስንት አንዴ ነው ወይስ በፍጹም አግባብ የማይሆነው? የሚል ነው። ጥያቄው ራሱ «እስልምናን ለመከላከል» የሚለውን ክብደት ከአንዱ ሚዛን ላይ ጭኖ እንደሚጀምር ልብ በሉ። ይሁንና በየዓመቱ ቃሉ ስላልተለወጠ፣ ቢያንስ የመልሱን መውጣትና መውረድ ማየት ይቻላል።

ዮርዳኖስን እንውሰድ። በ2005 የጸደይ ወራት ከተጠየቁት ሙስሊሞች 57 በመቶው ብዙ ጊዜ ወይም አንዳንድ ጊዜ አግባብ ነው ብለው ነበር። ሱብሓነላህ! ከግማሽ በላይ! በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ቁጥሩ ወደ 29 ወረደ። በ2007 ደግሞ ወደ 23። በመካከሉ ምን ሆነ? ዮርዳኖሳውያን መስገድ አቆሙ? ቁርኣን ማንበብ ተዉ?

በመካከሉ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2005 ማታ አማን ከተማ ውስጥ በሦስት ሆቴሎች አጥፍቶ ጠፊዎች ፈነዱ። ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። በአንዱ ሆቴል አዳራሽ ሠርግ ነበር። የሙሽራውም የሙሽራይቱም አባቶች በልጆቻቸው ሠርግ ላይ ተገደሉ። ኃላፊነቱን የወሰደው የኢራቁ አልቃዒዳ ሲሆን መሪው አቡ ሙስዓብ አዝ-ዘርቃዊ ራሱ የዮርዳኖስ ልጅ ነበር። በማግሥቱ አማን ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ስሙን እየጠራ አወገዘው።

እንደ እኔ አስተያየት፣ በ2005 የጸደይ ወራት «አዎ» ያለው ዮርዳኖሳዊ በልቡ የሳለው የባግዳድን የወረራ ታንክ ወይም የዌስት ባንክን ኬላ ነው። «ሰላማዊ ሰው» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ አለ፤ ግን ፊት አልነበረውም። ከኖቬምበር በኋላ የሙሽራ ፊት ሆነለት። ነገሩ የዮርዳኖስ ብቻም አይደለም። ከ2002 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በሊባኖስ ከ74 ወደ 34፣ በፓኪስታን ከ33 ወደ 9፣ በኢንዶኔዥያ ከ26 ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ቦምቡ በየገበያውና በየመስጊዱ በር መፈንዳት የጀመረባቸው ዓመታት ናቸው። ሃይማኖት በአንድ ዓመት በግማሽ የሚቀንስ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚለካው የእምነት ጥልቀት ነው የሚሉን ሰዎች፣ ዮርዳኖስን ያስረዱን።

ይህን ስል ግን 57 በመቶውን ልሰርዘው አልችልም። ወንድሞቻችን ብለውታል። የራሳቸው ሠርግ እስኪደማ ድረስ ብለውታል። ይህ ለኔ ከባድ ነው።

መስጊድ መሄድና መስገድ

ጄረሚ ጊንጀስ፣ ኢያን ሀንሰንና አራ ኖረንዛያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡትን ጥናት ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ፍልስጤማውያን ሙስሊሞች ምን ያህል እንደሚሰግዱና ምን ያህል መስጊድ እንደሚሄዱ ለየብቻ ተጠየቁ። ሶላት ማብዛት ለአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት ከሚሰጥ ድጋፍ ጋር ምንም ግንኙነት አልታየበትም። መስጊድ ማዘውተር ግን ግንኙነት ነበረው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ መጽሔቱን ዘግቼ ተነሳሁ።

ተመልሼ ስቀጥል ግን ተመራማሪዎቹ ወደ ሌላው ወገንም እንደሄዱ አየሁ። በዌስት ባንክና በጋዛ ለኖሩ 200 ያህል አይሁድ ሰፋሪዎች ስልክ ደውለው ባሩክ ጎልድስታይን የፈጸመውን አነሱባቸው። ጎልድስታይን በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994፣ በረመዳን፣ በጁምዓ ቀን፣ አል-ኸሊል በሚገኘው አል-ኢብራሂሚ መስጊድ ፈጅር ላይ የነበሩ 29 ሰጋጆችን በጥይት የፈጀው ነው። ሰፋሪዎቹ ይህ ጀግንነት ነው ወይ ተባሉ። አስቀድሞ ስለ ምኩራብ መሄዳቸው የተጠየቁት 23 በመቶ «እጅግ የጀግና ሥራ ነው» አሉ። አስቀድሞ ለፈጣሪ ስለሚያደርጉት ጸሎት የተጠየቁት ግን 6 በመቶ ብቻ። ምንም ሳይባሉ በቀጥታ የተጠየቁት 15 በመቶ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ የአንድ ማኅበረሰብ ናቸው፤ የተለወጠው ከጥያቄው በፊት የተጠየቀው ነገር ብቻ ነው። ጉባኤውን ያስታወሰ ለወገኑ ጨከነ፤ ፈጣሪውን ያስታወሰ ለሰለሰ። በሌሎች ስድስት አገሮች የሂንዱ፣ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንት፣ የሙስሊምና የአይሁድ ተከታዮችን መልስ ሲያዩም ወደዚሁ የሚያዘነብል ውጤት አግኝተዋል።

ይህን መስጊድን ለማጥላላት የሚጠቀምበት እንደሚኖር አውቃለሁ። ምኩራብንና ቤተ ክርስቲያንን ትቶ መስጊድን ብቻ ከጠቀሰ ግማሽ ሐዲስ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኛም በበኩላችን፣ በሚንበር ላይ የሚነገረው ምንድን ነው ብለን መጠየቁን በጠላት ጥያቄነት ብቻ ባናየው ይሻላል። ሕዝብ የሚሰባሰብበት ሌላ ቦታ በሌለበት በተያዘ አገር፣ መስጊድ የሕዝቡ ቁጣ መሰብሰቢያም እንደሚሆን ግን የራሴን ግምት ልጨምር።

ታጣቂን ሳይጠሩ መጠየቅ

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የፓኪስታኑ ጥናት ነው። ክሪስቲን ፌይር፣ ኒል ማልሆትራና ጄኮብ ሻፒሮ፣ በአንዱ ጽሑፍ ደግሞ ግሬም ብሌር ተጨምሮ፣ በ2009 በአራቱ ዋና ዋና ክፍለ አገሮች ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎችን አስጠየቁ። ያነሳሁትን የአጎበር ችግር አውቀውታል። ስለዚህ «ታጣቂዎችን ትደግፋለህ?» ብለው አልጠየቁም።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ሰዉን በዕጣ ከፈሉት። ለአንደኛው ክፍል አንድ የመንግሥት ዕቅድ ብቻ ይነበብለታል፤ ለምሳሌ የፖሊዮ ክትባት፣ ወይም መድረሳዎች ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የሚለው። ምን ያህል ትደግፈዋለህ? ይባላል። ለሌላው ክፍል ያው ዕቅድ ይነበብና «ይህን ዕቅድ እገሌ የተባለው ታጣቂ ቡድን ይደግፈዋል» የሚል ይጨመርበታል። የቡድኑ ስም ሲጨመር የዕቅዱ ተቀባይነት ከወረደ፣ ሰዉ ቡድኑን ይጠላዋል ማለት ነው። ከወጣም እንደዚያው በተቃራኒው። አንድም ሰው ራሱን ሳያጋልጥ የሕዝቡ ስሜት ታወቀ። እኔ በሒሳብ አስተማሪነቴ ይህን ሳይ ተደስቻለሁ። አጎበሩን ሳይጠይቁ ማገሩን እንደ ማየት ነው።

ምን ተገኘ? በአጠቃላይ ሕዝቡ ለታጣቂዎቹ ያለው ስሜት ወደ ጥላቻው ያደላል። ድሃው ደግሞ ከመካከለኛው ኑሮ ካለው ይልቅ አብዝቶ ይጠላቸዋል፤ በተለይ የከተማ ድሃ። ቦምቡ የሚፈነዳው እሱ በሚሸቅጥበት ገበያ ነዋ። ድህነት አክራሪነትን ይወልዳል የሚለው የየስብሰባው አዳራሽ ንግግር እዚህ ላይ አልሠራም።

ሃይማኖትንስ በተመለከተ? ሶላት ማብዛት ከድጋፉ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ሸሪዓ እንዲሠራበት መፈለግም እንዲሁ። እዚህ ድረስ ብቆም ለእኛ ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ብዙዎች እዚህ ድረስ ጠቅሰው ሲያበቁም አይቻለሁ። ጥናቱ ግን አላበቃም። አንድ ነገር ግንኙነት ነበረው፤ ስለ ጂሃድ ያላቸው ግንዛቤ። ጂሃድ የመሣሪያ ትግል ነው፣ ይህንንም ያለ መንግሥት ማንኛውም ግለሰብ በራሱ ሊያካሂደው ይችላል ብለው የሚያምኑት ለታጣቂዎቹ የበለጠ ድጋፍ አሳይተዋል።

ወንድምና እህቶች፣ ይህ የጋዜጠኛ ጥያቄ አይደለም፤ የፊቅህ ጥያቄ ነው። መልሱም በኪታቦቻችን ውስጥ አለ። ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» ላይ የጂሃድ ጉዳይ ለመሪው ውሳኔ የተተወ መሆኑን ጽፈዋል። ሌሎች ዑለማዎችም በዚህ ላይ ረዥም ጽፈዋል። ታዲያ በየደርሱ ስለ ውዱእ አፈራረስ ወራት ስንቆይ ይህን ምዕራፍ ለምን እንዘለዋለን? እፍረት ይሁን ፍርሃት አላውቅም። ስንዘለው ግን ልጆቻችን ከስልካቸው ይማሩታል። በዚህ ረገድ እኔም በቅዳሜው ክፍሌ ጥፋተኛ ነኝ፤ በዕድሜ ከፍ ያሉት ተማሪዎቼ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ «ሲደርስ እናየዋለን» ብያቸዋለሁ።

ሌሎቹስ ተጠይቀው ያውቃሉ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሙስሊሙ ብቻ ነው። ሌላው ሲጠየቅ ምን ይላል? ጋሉፕ በ2011 ባወጣው ዘገባ ለአሜሪካውያን በሙሉ አንድ ጥያቄ አቀረበ። አንድ ጦር ሠራዊት ሰላማዊ ሰዎችን ዒላማ አድርጎ መግደሉ አንዳንድ ጊዜ አግባብ ነው ወይስ በፍጹም? «በፍጹም» ያሉት ከሙስሊሞቹ 78 በመቶ፣ ከፕሮቴስታንቶቹ 38፣ ከካቶሊኮቹ 39፣ ከአይሁዶቹ 43 ነበሩ። ግለሰብ ወይም ትንሽ ቡድን ቢያደርገውስ ሲባል ከሙስሊሞቹ 89፣ ከፕሮቴስታንቶቹና ከካቶሊኮቹ 71 በመቶ «በፍጹም» አሉ።

ይህን ቁጥር ለሻይ ቤቱ ይዤ ለመሮጥ ከጅሎኝ ነበር። ቆም አልኩ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሙስሊም በዚያ ዘመን ለማያውቀው ጠያቂ በስልክ ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር? ደግሞም የአሜሪካ ጦር ሲባል ክርስቲያኑ የወንድሙን ልጅ ያስባል፤ ሙስሊሙ ባግዳድን ያስባል። ልክ ዮርዳኖሳዊው እንዳደረገው። እንደዚያም ሆኖ ቁጥሩ መታወቅ አለበት እላለሁ፤ ከነጥርጣሬው።

በመጋቢት 2008 (እ.ኤ.አ. ማርች 2016) የእንግሊዝ ጋዜጦች ራሳቸው ያቋቋሙት ተቆጣጣሪ ኢፕሶ የ«ዘ ሰን» ዘገባ አንባቢን በከፍተኛ ደረጃ ያሳሳተ ነው ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔውንም ጋዜጣው እንዲያትም አዘዘ። አትሜ ወደ ሻይ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። ያ ተማሪ ነበር፤ ተቀብሎ ቆሞ አነበበውና የ7 በመቶውን ጥያቄ አገኘሁት ስለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ 4ቱም ነገርኩት። ሐጂም መጡ። ወረቀቱን ዘርግቼ ከአምስት አንዱ የተባለው ስሕተት መሆኑ ተፈረደ አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ካዩት በኋላ ቀና አሉ።

«ከአምስት አንዱ» አሉ፣ «አዎ፣ እሱንስ አስታውሳለሁ። ይሄኛው ደግሞ ስለ ምንድን ነው?»